ከአንድ በላይ ማግባትና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን

ከአንድ በላይ ማግባት አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የትዳር ጓደኛ የሚይዝበት የጋብቻ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በብዛት የታየው አንድ ወንድ ሁለትና ከዚያ በላይ ሚስቶች የሚያገባበት ዓይነት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሌሎች ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የምትቀበለው የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ጋብቻን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በመካከለኛው ዘመን ብዙ ክርስቲያን ነገሥታትና መኳንንት ከአንድ በላይ ሚስቶችና ዕቁባቶች ነበሯቸው።

ይህ በትምህርትና በኑሮ መካከል የነበረው ልዩነት በ14ኛው ክፍለ ዘመን በቤተ መንግሥቱና በገዳማቱ መካከል ብርቱ ግጭት አስነሣ። መነኮሳት ንጉሡን ፊት ለፊት ገሠጹ፤ አንዳንዶቹ ተገረፉ፤ ብዙዎቹም ተሰደዱ። የግጭቱ ሥር በአብዛኛው የሚገኘው ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው አካባቢና በዙሪያው ነው። በዚያ ዘመን የምንኩስና ትምህርት ከተስፋፋባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነበር። የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች የሚታሰሩበት የግሸን አምባም የሚገኘው እዚያው አምባሰል ውስጥ ነው።

## ቃላት

በአማርኛ ከዚህ ርእስ ጋር የተያያዙ ብዙ ቃላት አሉ። በአንድ ባል የሚተዳደሩ ሁለት ሚስቶች አንዷ ለሌላዋ ጣውንት ትባላለች። ዕቁባት ወይም ቅምጥ የሚባለው ሕጋዊ ጋብቻ ሳይፈጸም ከአንድ ወንድ ጋር የምትኖር ሴት ስም ነው። ውሽማ ደግሞ ከትዳር ውጭ በድብቅ የሚያዝ ወዳጅ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዝሙት ሰፊ ቃል ነው። ከጋብቻ ውጭ የሚደረግን ግንኙነት ሁሉ ይይዛል። ምንዝር ግን ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ባለ ትዳር ሲሆን የሚፈጸመው ነው፤ ስለዚህ ከዝሙትም በላይ የቃል ኪዳን ማፍረስ ተደርጎ ይቆጠራል። ክርስቲያን መምህራን ከአንድ በላይ ማግባትን የሚቃወሙት በዚሁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዋ ሚስት በሕይወት ሳለችና ትዳሩ ሳይፈርስ የምትመጣው ሁለተኛ ሴት በእነርሱ አስተያየት ሚስት አይደለችም፤ ግንኙነቱም ምንዝር ነው።

## የመጽሐፍ ቅዱስ መሠረት

በብሉይ ኪዳን ከአንድ በላይ ያገቡ ታላላቅ ሰዎች አሉ። ያዕቆብ ልያንና ራሔልን አግብቶ ነበር፤ ዳዊትም ብዙ ሚስቶች ነበሩት። ስለ ሰሎሞን የሚናገረው የመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 11 ደግሞ 700 ሚስቶችና 300 ዕቁባቶች እንደ ነበሩት፣ ልቡም በእነርሱ ምክንያት እንደ ዘነበለ ይተርካል። በሌላ በኩል ዘዳግም 17፥17 ንጉሥ ሚስቶችን እንዳያበዛ ያዝዛል። የልያና የራሔል፣ የሐናና የፍናና ታሪኮች የጣውንትነትን ምሬት የሚያሳዩ ናቸው።

በአዲስ ኪዳን ዋናው ክፍል ማቴዎስ 19፥3–9 ነው። ክርስቶስ ስለ ፍቺ ሲጠየቅ ወደ ፍጥረት መጀመሪያ መልሶ ሁለቱ አንድ ሥጋ እንደ ሆኑ ያስተምራል። ሊቃውንት ከዚህ ክፍል ሁለት ነገሮችን ያወጣሉ፤ ጋብቻ በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ እንደሚሆንና በቀላሉ እንደማይፈርስ። 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ባልና ሚስት አንዱ በሌላው አካል ላይ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ኤፌሶን ምዕራፍ 5 ጋብቻን በክርስቶስና በቤተ ክርስቲያን አንድነት ይመስላል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥2 እና 3፥12 ደግሞ ጳጳስና ዲያቆን የአንዲት ሚስት ባል እንዲሆኑ ያዛሉ።

ከኢትዮጵያው ግጭት ጋር በተለይ የሚገናኙ ሌሎች ሁለት ክፍሎች አሉ። አንደኛው የአባትን ሚስት ማግባት የሚከለክለው የዘሌዋውያን ምዕራፍ 18 ሕግ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 ይህንኑ በደል የፈጸመ ሰው ከማኅበሩ እንዲለይ አዝዟል። ሁለተኛው መጥምቁ ዮሐንስ ሄሮድስን ስለ ወንድሙ ሚስት ስለ ገሠጸ የታሰረበትና አንገቱን የተቀላበት ታሪክ ነው። ንጉሥን ስለ ጋብቻው የሚገሥጽ መነኩሴ ምሳሌው ዮሐንስ ነበር።

## ሐይቅ እስጢፋኖስና የገዳማት መነሣት

ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ በስተ ሰሜን በሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ በሐይቁ ውስጥ ገባ ባለ መሬት ላይ የሚገኝ ገዳም ነው። ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር። ገዳሙ ታላቅ ስም ያገኘው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በመምህርነት ከተቀመጡበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ተምረው እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ፤ ትምህርት ቤትም አቋቋሙ። ከደቀ መዛሙርታቸው እጅግ የታወቁት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እርሳቸውም በኋላ በሸዋ ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ ይህ ገዳም በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተባለ።

በትውፊት እ.ኤ.አ. በ1270 የነገሡት ዓፄ ይኩኖ አምላክ በሐይቅ እንደ ተማሩና ኢየሱስ ሞዐም እንደ ደገፏቸው ይነገራል። የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ዐቃቤ ሰዓቱም በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ቦታ የነበረው የንጉሡ አማካሪ ነበር። እንዲህ ገዳሙ ከዙፋኑ ጋር የተሳሰረ ሆነ። የገዳሙ መነኮሳት ግን በድንግልና የሚኖሩ፣ ሴት ወደማይገባበት ቅጥር የተለዩ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ ትምህርት የተወለዱት አዳዲስ ገዳማት ሲበዙ፣ ከቤተ መንግሥቱ ጥቂት ራቅ ብለው የተቀመጡ መነኮሳት የነገሥታቱን ኑሮ በወንጌል ሚዛን መመዘን ጀመሩ።

## ነገሥታቱ ብዙ ሚስቶች የነበሯቸው ለምንድን ነው?

የነገሥታቱ ጋብቻ የግል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

- ፖለቲካ። መንግሥቱ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በፍጥነት እየሰፋ ነበር። የአንድ አገር ባላባት ሴት ልጁን ለንጉሡ ሲድር ታማኝነቱን ያረጋግጥ ነበር። እንደ ሐድያ ካሉ የሙስሊም ገዥዎች ቤትም ሴቶች ይመጡ ነበር።
- ወራሽ። የሕፃናት ሞት በበዛበትና ጦርነት በማይቋረጥበት ዘመን ብዙ ወንዶች ልጆች መኖራቸው ዙፋኑ ከቤቱ እንዳይወጣ ዋስትና ነበር።
- ልማድ። ዕቁባት መያዝ በመኳንንቱ ዘንድ የተለመደና የክብር ምልክት ነበር።

ብዙ ሚስት ማግባት ያስከተለው ችግር በአምባሰል ይታያል። ከተለያዩ እናቶች የተወለዱ ብዙ ልዑላን ዙፋኑን ስለሚሻሙ፣ ከነጋሢው በስተቀር ሌሎቹ ዙሪያው ገደል በሆነው በግሸን አምባ በጥበቃ ሥር እንዲኖሩ ይደረግ ነበር። ንጉሡ ሲሞት ከእነርሱ አንዱ ወርዶ ይነግሣል። እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሡት ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብም ከዚህ አምባ የወረዱ ናቸው። አምባው የልዑላን እስር ቤት ሆኖ የቆየው እ.ኤ.አ. በ1540 የአሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ሠራዊት እስከ ያዘው ድረስ ነው።

የሥርወ መንግሥቱ መጽሐፍ የሆነው ክብረ ነገሥትም ጉዳዩን ሳይነካ አላለፈም። መጽሐፉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና በባልደረቦቹ የተዘጋጀ ሲሆን የነገሥታቱን ዘር ከሰሎሞን ይቆጥራል። ስለ ሰሎሞን ሚስቶች ብዛት ሲያስረዳ ግን የቀደሙት ሰዎች በሥጋ ሕግ ይኖሩ እንደ ነበርና ከክርስቶስ በኋላ ላሉት ግን ከአንዲት ሴት ጋር በጋብቻ ሕግ መኖር እንደ ተሰጠ ይናገራል። ስለዚህ ነገሥታቱ ሰሎሞንን አባት ብለው ቢመኩም የእርሱን ምሳሌ ለብዙ ሚስት ማስረጃ አድርገው ማቅረብ አይችሉም ነበር።

## የ14ኛው ክፍለ ዘመን ግጭት

### አባ በጸሎተ ሚካኤል

በዓፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) መጀመሪያ ከተቃወሙት መነኮሳት አንዱ በአማራ የደብረ ጎል መነኩሴ አባ በጸሎተ ሚካኤል ነበሩ። ገድላቸው እንደሚተርከው ሁለት ወገኖችን ገሥጸዋል። አንደኛው ጳጳሱ አቡነ ዮሐንስ ሲሆኑ ክሱ ክህነትን በእጅ መንሻ ይሰጣሉ የሚል ነበር። ሁለተኛው ንጉሡ ናቸው፤ ክሱም የአባታቸውን ሚስት አግብተዋል የሚል ነው። ይህ ከብዙ ሚስት ማግባትም የከፋ በደል ነበር፤ ምክንያቱም ከላይ በተጠቀሱት የኦሪትና የጳውሎስ ሕጎች በግልጽ የተከለከለ ነው።

በጸሎተ ሚካኤል ከጳጳሱም ከንጉሡም ስለ ተጣሉ የሚከላከልላቸው አልነበረም። ወደ ትግራይ ተሰደዱ፤ ሕይወታቸውም በስደት አለፈ። ስደቱ ግን ትምህርታቸውን አላጠፋውም። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ የነበሩት አቡነ አሮን በኋላ በዓፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን ያንኑ ተግሣጽ ደግመው እርሳቸውም ተሰደዱ።

### አቡነ አኖሬዎስ

ከደብረ አስቦ መነኮሳት መካከል ስማቸው ከዚህ ግጭት ጋር የሚነሣው አቡነ አኖሬዎስ ናቸው። ከጊዜ በኋላ የተጻፈው አጭር ዜና መዋዕል እንደሚለው አኖሬዎስ ንጉሡን ስለ ጋብቻቸው አወገዟቸው፤ ንጉሡም በከተማው መካከል አስገረፏቸው። በዚያው ሌሊት የንጉሡ ከተማ ተቃጠለ። መነኮሳቱ ከአኖሬዎስ ጀርባ የፈሰሰው ደም እሳት ሆኖ አቃጠለው አሉ። ንጉሡ ደግሞ እሳቱን የለኮሱት መነኮሳቱ ናቸው ብለው ወደ ደምቢያና ወደ በጌምድር በተኗቸው። መበተኑ ሳይታሰብ ሌላ ውጤት አመጣ፤ መነኮሳቱ በተሰደዱበት አገር ሁሉ ትምህርታቸውን ይዘው ሄዱ።

### አቡነ ያዕቆብና አቡነ ፊልጶስ

እ.ኤ.አ. በ1337 ገደማ ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ ከቀዳሚያቸው የተለዩ ነበሩ። ከተክለ ሃይማኖት ቀጥሎ ሦስተኛው የደብረ አስቦ አበምኔት ከሆኑት ከአቡነ ፊልጶስ ጋር ተባብረው ሸዋን ለ12 ንቡራነ እድ ከፋፍለው ወንጌል እንዲሰበክ አደረጉ። አሁን ጳጳሱና ገዳሙ በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ነገሩ ለቤተ መንግሥቱ ከበደ። ንጉሡ ከአንድ ሚስት በስተቀር ሌሎቹን እንዲያሰናብቱ ጠየቋቸው። መልሱ ግርፋትና ስደት ሆነ።

ዓምደ ጽዮን ሞተው ልጃቸው ዓፄ ሰይፈ አርዕድ (እ.ኤ.አ. 1344–1371) ሲነግሡ ጥቂት ጊዜ እርቅ የሚመጣ መስሎ ነበር። የፊልጶስ ገድል እንደሚለው አዲሱ ንጉሥ በአንዲት ሚስት ጸንተው እንደሚኖሩ ቃል ገብተው ነበር። ሆኖም ብዙ ሳይቆዩ እርሳቸውም ከአንድ በላይ አገቡ። ጳጳሱና መነኮሳቱ እንደ ገና ተነሡ። አቡነ ያዕቆብ ወደ ግብፅ ተመለሱ፤ ፊልጶስም ከቦታ ወደ ቦታ ሲሰደዱ ኖረው ከገዳማቸው ርቀው ዐረፉ። በያዕቆብ ምትክ እ.ኤ.አ. በ1348 አቡነ ሰላማ መጡ፤ እርሳቸው መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በመተርጐም የሚታወቁትና «መተርጉም» የተባሉት ናቸው።

### ምንጮቹና አነባበባቸው

ስለዚህ ግጭት የምናውቀው በአብዛኛው ከገድላት ነው። ገድላት የቅዱሳንን ክብር ለመናገር በደቀ መዛሙርት የሚጻፉ መጻሕፍት ስለ ሆኑ ንጉሡን የሚያዩት በተሰደደው መነኩሴ ዐይን ነው፤ ተአምራትም ይበዙባቸዋል። ክሱም ከገድል ገድል ይለያያል፤ አንዱ የአባት ሚስት ሲል ሌላው እኅት ይላል። ሆኖም በተለያዩ ገዳማት የተጻፉ ገድላት ስለ ግጭቱ መኖር፣ ስለ ምክንያቱና ስለ ስደቱ ይስማማሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ መካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት መጽሐፍ ያሳተሙት ታሪክ ጸሐፊ ታደሰ ታምራት እነዚህን ገድላት በማነጻጸር ተጠቅመውባቸዋል።

ግጭቱ ስለ ጋብቻ ብቻ እንዳልነበረም መገንዘብ ይገባል። ዋናው ጥያቄ ንጉሡ ከቤተ ክርስቲያን ሕግ በላይ ነው ወይስ በታች የሚል ነበር። ንጉሡ ለገዳማት ርስት የሚሰጡ፣ ከግብፅ ጳጳስ የሚያስመጡና አብያተ ክርስቲያናትን የሚያሠሩ ነበሩ። መነኮሳቱ ግን ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ማንኛውም ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን፣ በአንድ ሕግ ይዳኛል አሉ።

## ከግጭቱ በኋላ

ከሰይፈ አርዕድ በኋላ ጉዳዩ እየበረደ ሄደ፤ የነገሥታቱ ልማድ ግን ወዲያው አልተለወጠም። በሃይማኖት ጥብቅነታቸው የሚታወቁት ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ራሳቸው ከአንድ በላይ ንግሥታት ነበሯቸው። በቤተ መንግሥቱ «ቀኝ በዓልቲሐት» እና «ግራ በዓልቲሐት» የሚባሉ የንግሥትነት ማዕረጎች መኖራቸው ልማዱ ሥርዓት ሆኖ እንደ ቆየ ያሳያል። ከንግሥታቱ አንዷ የሐድያ ገዥ ልጅ እቴጌ እሌኒ ነበሩ። እሌኒ ክርስትናን ተቀብለው፣ ከባላቸው ሞት በኋላም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በመንግሥቱ አመራር ላይ ትልቅ ቦታ ይዘዋል።

ለውጡ በዓፄ ልብነ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1508–1540) ዘመን ይታያል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ቀደም ያሉት ነገሥታት ብዙ ሚስቶች እንደ ነበሯቸው፣ ልብነ ድንግል ግን አንዲት ሚስት ብቻ እንዳላቸው ጽፏል። ባለቤታቸው እቴጌ ሰብለ ወንጌል ናቸው።

አልቫሬዝ ስለ ተራው ሰውም ያየውን ጽፏል። በድባርዋ ሳለ ያረፈበት ቤት ጌታ ሦስት ሚስቶች ነበሩት። የመንግሥት ዳኛ አልከለከለውም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ወደ ውስጥ እንዳይገባና ሥጋ ወደሙን እንዳይቀበል ከልክላው ነበር። ሰውዬው በኋላ ሁለቱን አሰናብቶ ከአንዲቱ ጋር ሲኖር ክልከላው ተነሣለት። ይህ ምስክርነት በጊዜው ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን እንደ ነበሩ ያሳያል። በልማዱ ሕግ ብዙ ሚስት ማግባት ወንጀል አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ግን ከቁርባን የሚለይ በደል ነበር። የተሰናበቱት ሴቶች ምን እንደ ደረሰባቸው ጸሐፊው አይናገርም።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጥያቄው ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር እንደ ገና ተነሣ። ዓፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632) በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ሲገልጹ ከመጀመሪያ ሚስታቸው በስተቀር ሌሎቹን አሰናብተዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ዓፄ ቴዎድሮስ ከባለቤታቸው ከእቴጌ ተዋበች ጋር በቁርባን ተወስነው በመኖራቸውና ተከታዮቻቸውም ዕቁባት መያዝን ትተው በሕጋዊ ጋብቻ እንዲኖሩ በመምከራቸው ተመስግነዋል። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በ1855 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ዘግቧል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔ ዓለም በቁርባን ተጋብተዋል።

## የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ሥርዓት

የቤተ ክርስቲያኒቱ የጋብቻ ሕግ ዋና መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው ሲሆን በኋላ ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። ስለ መተጫጨትና ስለ ጋብቻ የሚናገረው አንቀጽ 24 ነው። ከጋብቻ ጋብቻ ላይ መጨመርን ይከለክላል። የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው ሁለተኛ ጊዜ እንዲያገባ ይፈቅዳል፤ ሦስተኛውን ይነቅፋል፤ አራተኛውን አይቀበልም።

በልማድ በአማራ አካባቢ የሚታወቁት የጋብቻ ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው።

- የቁርባን ጋብቻ፦ ባልና ሚስት አብረው ሥጋ ወደሙ ተቀብለው የሚጋቡበት ነው። በድንግልና ለኖሩ ሙሽሮች ጸሎተ ተክሊል ይደርስላቸዋል፤ አክሊልም ይደፋላቸዋል። ቀድሞ አግብተው ለነበሩ ደግሞ የመዓስባን ጸሎት ይጸለያል። ይህ ጋብቻ በቀላሉ አይፈርስም።
- ሰማንያ፦ በሽማግሌዎችና በዋሶች ፊት በውል የሚፈጸም ነው። ንብረት የሚዋዋሉበት ሲሆን በስምምነት ሊፈርስ ይችላል።
- የደሞዝ ጋብቻ፦ ሴቲቱ ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ የምትኖርበት ነው። ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ርቆ የሚኖር ነጋዴ ወይም ወታደር የሚፈጽመው ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንደ ጋብቻ አትቆጥረውም።

የቁርባን ጋብቻ ፍቺን ስለሚከለክል ብዙ ምእመናን በወጣትነታቸው በሰማንያ ተጋብተው፣ ልጆች ወልደውና ተዋውቀው ሲያረጁ ብቻ ይቆርቡ ነበር። ለካህናት ግን ምርጫ የለም። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት አንድ ጊዜ በተክሊል ያገባል። ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አግብቶ በክህነቱ መቀጠል አይችልም፤ ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ ብቻውን ይኖራል፣ ወይም አግብቶ ክህነቱን ይተዋል።

## ምንዝር፣ ፍቺና ንስሐ

በማቴዎስ ወንጌል መሠረት ቤተ ክርስቲያን ለፍቺ የምትቀበለው ዋና ምክንያት ምንዝር ነው። ይህም ሲሆን የመጀመሪያው መንገድ ፍቺ አይደለም። የበደለው ወገን ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፤ የንስሐ አባቱም ጾም፣ ስግደትና ምጽዋት የያዘ ቀኖና ይሰጠዋል። ቀኖናውን እስኪፈጽም ድረስ ከቁርባን ይርቃል። ንስሐ አባት ለባልና ለሚስት አንድ መሆኑ የተለመደ ስለ ሆነ ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ማስታረቅም የእርሱ ሥራ ነው።

በትምህርቱ ምንዝር በወንድም በሴትም እኩል ኃጢአት ነው። በኑሮ ግን ኅብረተሰቡ ሚዛኑን አላስተካከለም። የባል ውሽማ መያዝ በዝምታ ሲታለፍ የሚስት ግን ትዳርን የሚያፈርስ ነውር ሆኖ ይታያል። ሰባኪዎች ይህን አድልዎ ሲነቅፉ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ያለውን ታሪክ ያነሣሉ፤ ጻፎችና ፈሪሳውያን ያመጡት ሴቲቱን ብቻ ነበር።

## በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1563 በትሬንት ጉባኤ፣ ክርስቲያን ብዙ ሚስቶች እንዲኖሩት ተፈቅዷል የሚሉትን አውግዛለች። በፕሮቴስታንቶች ዘንድም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1540 የሄሰኑ ገዥ ፊልጶስ የመጀመሪያ ሚስቱ ሳለች ሁለተኛ ሲያገባ ማርቲን ሉተርና ባልደረቦቹ በምሥጢር በመፍቀዳቸው ብዙ ነቀፌታ ደርሶባቸዋል።

በአፍሪካ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። ብዙ ሚስቶች ያሉት ሰው ሊያምን ሲመጣ ምን ይደረግ? ሌሎቹን ያሰናብት ከተባለ ሴቶቹና ልጆቻቸው ያለ መተዳደሪያ ይቀራሉ፤ ይያዛቸው ከተባለ ደግሞ ትምህርቱ ይፈርሳል። የአንግሊካን ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1888 በላምቤዝ ጉባኤያቸው ብዙ ሚስት ያለው ሰው እንዳይጠመቅ ወሰኑ። በ1988 ግን ሌላ ሚስት እንዳይጨምር ቃል ከገባና የአካባቢው ምእመናን ከተስማሙ ከሚስቶቹና ከልጆቹ ጋር እንዲጠመቅ ፈቀዱ፤ ሚስቶቹንም ስለሚደርስባቸው ችግር እንዲያሰናብት አይገደድም አሉ።

## በአገሪቱ ሕግ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀደም ሲል የተፈጸመ ጋብቻ ጸንቶ እያለ ሌላ ጋብቻ መፈጸምን ከልክሏል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 11 ይህንኑ ይደነግጋል። የአማራ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል።

በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 650 በጋብቻ ላይ ጋብቻ መፈጸም ወንጀል ነው። አንቀጽ 651 በሕግ የታወቀ የሃይማኖት ወይም የባህል ሥርዓትን ተከትሎ ለተፈጸመው ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። አንቀጽ 652 ደግሞ አመንዝራነትን ያስቀጣል፤ ክሱ የሚቀርበው ግን የተበደለው የትዳር ጓደኛ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው።

ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚኖሩበት በወሎ ሁለት ሃይማኖታዊ ሕጎች ጎን ለጎን ይታወቃሉ። የእስልምና ሕግ ሚስቶቹን በእኩል ለማስተዳደር ለሚችል ወንድ እስከ አራት ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የጋብቻና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ስለ ፈቀደ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በዚሁ መሠረት ይሠራሉ። ለኦርቶዶክስ ምእመን ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳቱ የተሰደዱበት ሕግ ዛሬም ያው ነው፤ ሁለተኛ ሚስት የያዘ ሰው ሁኔታውን ሳያስተካክል አይቆርብም።